የስብሰባ ስልክን በቢሮ ኔትወርክ ላይ መዘርጋትና መፈተሽ

በስብሰባ ስልክ ላይ የሚነሱ ቅሬታዎች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ «ድምፁ ይቆራረጣል»፣ «እኛ እንሰማቸዋለን፣ እነሱ ግን አይሰሙንም»፣ «የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይሰማኛል»። ምንጫቸው ለየቅል ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከገመድ ወይም ከስዊች (መሣሪያዎቹን በገመድ ከሚያገናኘው ሳጥን)፣ ሁለተኛው ከአድራሻ ወይም ከፋየርዎል (ግንኙነትን ከሚገድበው መከላከያ)፣ ሦስተኛው ደግሞ ከክፍሉና ከስልኩ አቀማመጥ ይመጣል። ሁሉንም መሣሪያ በአንድ ቀን ሰክቶ ወዲያው ስብሰባ የጠራ ባለሙያ ሦስቱ ተደባልቀው ይመጡበትና ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ስለዚህ ሥራው ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፦ ኃይል፣ ገመድ፣ አድራሻ፣ ምዝገባ፣ የሁለት ሰው ጥሪ፣ በመጨረሻም የብዙ ሰው ጥሪ። አንዱ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አይታለፍ።

እንደ ምሳሌ የምንይዘው አንድ መለስተኛ ቢሮ ነው። ስድስት የጠረጴዛ አይፒ ስልኮች (በኔትወርክ ገመድ የሚሠሩ)፣ በስብሰባ ክፍሉ ጠረጴዛ መሃል የሚቀመጥ አንድ የስብሰባ ስልክ (ዪሊንክ ሲፒ920 ወይም ፖሊ ትሪዮ ዓይነት)፣ በኔትወርክ ገመድ ኃይል የሚሰጥ (ፒኦኢ የሚባለው) ስዊች፣ እንዲሁም አስተሪስክና እሱን ከድረ ገጽ ለማስተካከል የሚያገለግለው ፍሪፒቢኤክስ የተጫኑበት አንድ ትንሽ ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) አለ። አስተሪስክ ማርክ ስፔንሰር እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ነፃ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ሰው የሚያገናኘው የጉባኤ ክፍል አብሮት ስለሚመጣ የተለየ ፈቃድ አይገዛለትም። የሌላ አምራች ማዞሪያ ያለው ሰው የሜኑዎቹ ስም ይለያይበት ይሆናል እንጂ የአሠራሩ ቅደም ተከተል አይለወጥበትም።

ኃይል

ሰባት ስልክና አንድ ሰርቨር ስምንት ፖርት ይሞላሉ፤ ባለ8 ፖርት ስዊች የገዛ ሰው ራውተሩን የሚሰካበት ያጣል። 8 የፒኦኢ ፖርትና ቢያንስ 2 ተጨማሪ ፖርት ያለውን ይምረጡ።

ቀጥሎ የሚታየው የስዊቹ ጠቅላላ የፒኦኢ አቅም ነው። በ802.3ኤኤፍ ደንብ አንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ በገመዱ የሚባክነው ሲቀነስ መሣሪያው ጋ የሚደርሰው 12.95 ዋት ነው። ነገር ግን «8 ፖርት ፒኦኢ» የሚል ስዊች ስምንቱንም ፖርት በአንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል ይመግባል ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ስዊቾች ኃይል የሚይዙት በመሣሪያው የኃይል ፍላጎት ደረጃ ልክ ነው፦ ደረጃ 1 ለሆነ 4 ዋት፣ ደረጃ 2 ለሆነ 7 ዋት፣ ደረጃ 3 ለሆነ 15.4 ዋት። ስድስቱ የጠረጴዛ ስልኮች ደረጃ 2፣ የስብሰባ ስልኩ ደረጃ 3 ቢሆኑ 42 ሲደመር 15.4፣ 57.4 ዋት ይሆናል። ባለ60 ዋት ስዊች ይችለዋል፤ ግን አንድ ስልክ እንኳን የሚጨመርበት ትርፍ የለውም። ሁሉም ደረጃ 3 ከሆኑ 107.8 ዋት ይፈልጋሉ፤ ያው ባለ60 ዋት ስዊች ከሦስት ስልክ በላይ አያስነሳም። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ መጨረሻ የተሰካው ስልክ አይበራም፣ ወይም አንዱ ሲሰካ ሌላው ጠፍቶ ይነሳል። ይህን ያየ ሰው ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሻጭ ሲመልስ ይታያል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት በስዊቹ የማስተካከያ ገጽ (በብሮውዘር በሚከፈተው) ላይ ያለው የኃይል ድምር ነው። ስዊቹ ቅድሚያ መስጠት የሚያስችል ከሆነ የስብሰባ ስልኩን ፖርት ከፍተኛ ቅድሚያ ላይ ያድርጉት።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ስዊቹ፣ ሰርቨሩና ራውተሩ ሦስቱም በአንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይሁኑ። የፒኦኢ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው፤ ስዊቹ እስካልጠፋ ስልኮቹም አይጠፉም። የስልክ ፈርምዌር (የስልኩን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ማሻሻል ካስፈለገ ዩፒኤሱ ከገባ በኋላ ብቻ ይሠራ። በመሃል ኃይል የተቋረጠበት ስልክ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል።

ገመድ

ካት5ኢ የሚባለው የኔትወርክ ገመድ ይበቃል፤ ከስዊቹ እስከ ስልኩ በጠቅላላ ከ100 ሜትር አይለፍ። በሁለቱም ጫፍ የቀለም ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያን የሚያሳስት ስህተት አለ። ገመዶቹን ጥንድ በጥንድ ደርድሮ፣ ብርቱካኑን 1 እና 2፣ አረንጓዴውን 3 እና 4፣ ሰማያዊውን 5 እና 6 ላይ አድርጎ በሁለቱም ጫፍ እኩል ክሪምፕ ያደረገ (ፕላጉ ላይ አጥብቆ ያሰረ) ሰው ተራ መሞከሪያውን ሲሰካ ስምንቱም መብራት በተራ ይበራለታል። ገመዱ ግን ልክ አይደለም። ኔትወርኩ አንድ ጥንድ አድርጎ የሚጠቀምበት 3ኛውና 6ኛው ናቸው፤ በዚህ አሠራር ሁለቱ ከተለያየ ጥንድ ይመጣሉ፤ አብረው ስላልተጠማዘዙም ከጎናቸው ካለው ገመድ ሁከት ይወስዳሉ። ስልኩ ይበራል፣ ይመዘገባል፣ ይደውላል፤ ድምፁ ግን ይቆራረጣል፤ ገመዱ በረዘመ ቁጥርም ይብሳል። መሞከሪያውን ብቻ አምነው አይለፉ፤ የፕላጉን ቀለም በዓይን ይዩ።

ሁለተኛው ችግር በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ገመድ ነው። ዋጋው ይረክሳል፣ በእጅ ሲያነሱትም ከንጹሕ መዳብ ይቀላል፤ ነገር ግን ኃይል ሲያልፍበት የሚያባክነው ብዙ ነው። በረጅም ርቀት ላይ የስብሰባ ስልኩ ድምፁ ከፍ ሲል ራሱን የሚያስነሳ ከሆነ ይህን ይጠርጥሩ። ጫፉን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ውስጡ እንደ ብር ከነጣ አሉሚኒየም ነው።

ገመዱ ከተሰካ በኋላ በስዊቹ ገጽ ላይ ፖርቱ 100 ወይም 1000 ፉል ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክና መቀበል) ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። አንዱን ወገን በእጅ «100 ፉል» ላይ አስረው ሌላውን «አውቶ» ላይ ከተዉት፣ አውቶ ላይ ያለው ወገን ራሱን ወደ ሃፍ ዱፕሌክስ (በተራ መላክና መቀበል) ያወርዳል። ያኔ ኢንተርኔት ያለ ችግር የሚሠራ ይመስላል፤ ድምፁ ግን ይሰባበራል። ሁለቱንም አውቶ ላይ ይተዉአቸው። የስህተት ቆጣሪውን ዜሮ አድርገው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይመለሱበት፤ የሲአርሲ (ተበላሽቶ የደረሰ ዳታ) ስህተት ቁጥሩ ከዜሮ ከተነሳ ገመዱ ይለወጥ።

አድራሻ

ስዊቹ የሚተዳደር ዓይነት ከሆነ ለስልክ ብቻ የሚሆን ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ የተለየ ኔትወርክ) ይክፈቱ፤ ቁጥሩ 20 ይሁን፣ ኔትወርኩ 192.168.20.0 ከ255.255.255.0 ማስክ ጋር። ሰርቨሩ 192.168.20.10 ላይ በቋሚነት ይቀመጥ። ስልኮቹ ከዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ ከሚያድለው አገልግሎት) ከ192.168.20.100 እስከ 150 ያለውን ይውሰዱ፤ የስብሰባ ስልኩ ግን በማክ አድራሻው (ከፋብሪካ በተሰጠው መለያ) የተያዘለት አንድ ቁጥር ይኑረው፤ ገጹን በየጊዜው ፍለጋ እንዳይሆን። በስዊቹ ላይ ኤልኤልዲፒ-ሜድ ከተከፈተ ስልኮቹ የድምፅ ቪላኑን ራሳቸው ያገኙታል፤ ከጀርባቸው የተሰካው ኮምፒውተር በራሱ ኔትወርክ ይቀራል። ለሰባት ስልክ ቪላን ግዴታ አይደለም፤ የማይተዳደር ስዊች ያለው ቢሮ በአንድ ኔትወርክ ላይ ሊሠራ ይችላል። ስልኮቹ ሃያ ሲደርሱ ግን ይጸጽታል።

የአድራሻ ግጭት የሚመጣው አንዱን ስልክ ዲኤችሲፒው በሚያድለው ክልል ውስጥ በእጅ ቋሚ አድራሻ ሲሰጡት ነው። ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ሌላ መሣሪያ ያንኑ ቁጥር ሲያገኝ አንዱ ይጠፋል።

ሰዓቱንም አብረው ያስተካክሉ። የሰዓት ክልሉ ለኢትዮጵያ ሲደመር 3፣ የበጋ ሰዓት ለውጥ የሌለበት ነው። ኢንተርኔት የማይደርሰው ኔትወርክ ከሆነ ሰርቨሩ ራሱ በኤንቲፒ (ሰዓት በኔትወርክ በሚያስተካክለው አገልግሎት) ሰዓት ይስጥ፤ አድራሻው በዲኤችሲፒ አማራጭ ቁጥር 42 ይላካል። ሰዓቱ የተዛባ ስልክ በቲኤልኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ለመመዝገብ ሲሞክር የምስክር ወረቀቱን «ጊዜው ያለፈበት» ወይም «ጊዜው ያልደረሰ» ብሎ ይጥለዋል። ስልኩ 14:30 ሲል በእኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ተኩል መሆኑንም ለተጠቃሚዎች አስቀድሞ መንገር የጥሪ መዝገብ ሲነበብ ከብዙ ንትርክ ያድናል።

አሁን በዚያው ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒውተር ሰርቨሩንና ስልኩን አንድ በአንድ 100 ጊዜ ፒንግ (መልስ የሚጠይቅ አጭር መሞከሪያ መልእክት) ያድርጉ። የሚጠበቀው ዜሮ ብክነትና ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ከመቶ ሁለት እንኳን ከጠፋ ወደ ገመዱ ይመለሱ።

ምዝገባ

በፍሪፒቢኤክስ ላይ ከ201 እስከ 206 ለጠረጴዛ ስልኮች፣ 220 ለስብሰባ ስልኩ ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ ቁጥር) ይክፈቱ፤ ዓይነቱ ፒጄሲፕ ይሁን፤ ይህ የአስተሪስክ አዲሱ የሲፕ አሠራር ነው፤ ሲፕ ደግሞ ስልኮች ጥሪ የሚከፍቱበትና የሚዘጉበት የመልእክት ደንብ ነው። የሚመነጨውን ረጅም የይለፍ ቃል አያሳጥሩት። በስልኩ ገጽ ላይ የመመዝገቢያ ስምና የተጠቃሚ ስም ሁለቱም 220፣ የሲፕ ሰርቨር 192.168.20.10፣ ፖርት 5060፣ ማጓጓዣ ዩዲፒ። የቆየ ፍሪፒቢኤክስ ላይ ቻን-ሲፕ የተባለው የድሮው ዓይነት ብዙ ጊዜ 5160 ላይ ስለሚቀመጥ፣ ዓይነቱና ፖርቱ ካልተጣጣሙ ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ ቢሞክር አይመዘገብም።

መዝገቡ ላይ 401 የሚል መልስ ሲያዩ አይደንግጡ፤ ሰርቨሩ «የይለፍ ቃልህን አምጣ» የሚልበት የተለመደ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ከዚያ በኋላ 200 መምጣት አለበት። 403 ከመጣ ወይም 401 ብቻ ከተደጋገመ ስሙ ወይም የይለፍ ቃሉ ተሳስቷል። ምንም መልስ ሳይመጣ 408 ብሎ ከቀረ መልእክቱ ሰርቨሩ ጋ አልደረሰም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የይለፍ ቃሉን ደጋግመው ሲሳሳቱ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፌይል-ቱ-ባን የተባለ ጥበቃ የስልኩን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ያግደዋል፤ ከዚያ ትክክለኛውን ቢያስገቡም መልስ አያገኙም። እገዳውን ያንሱ፣ የውስጥ ኔትወርኩንም ከእገዳ ነፃ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ።

ከፋብሪካ የመጣውን የስልኩን የአስተዳዳሪ ይለፍ ቃል አሁኑኑ ይለውጡ። 5060ን ከኢንተርኔት ወደ ውስጥ አይክፈቱ፤ ተከፍቶ የተገኘ ማዞሪያ በሌሊት የውጭ አገር ጥሪ ሲደወልበት ያድርና ሂሳቡ ለቢሮው ይመጣል።

የሁለት ሰው ጥሪ

መጀመሪያ ከስብሰባ ስልኩ ወደ *43 ይደውሉ። የተናገሩትን መልሶ የሚያሰማ የፍሪፒቢኤክስ መሞከሪያ ነው፤ ከሰሙት በሁለቱም አቅጣጫ ድምፅ ያልፋል። *60 ሰዓቱን ይነግራል፤ እሱ ተሰምቶ በ*43 ግን ዝምታ ከሆነ የጠፋው ከስልክ ወደ ሰርቨር የሚሄደው ድምፅ ነው።

ከዚያ 220 ወደ 201 ይደውል። ሁለቱ ሰዎች በተለያየ ክፍል፣ በር ዘግተው ይቀመጡ። ጎን ለጎን ቆመው «ይሰማኛል» የሚባባሉበት ሙከራ ምንም አይለካም፤ ጆሮ ከአየር ላይ የሰማውን ከስልኩ የሰማው ይመስለዋል። አንዱ ከ1 እስከ 20 ዝግ ብሎ ይቁጠር፣ ሌላው የተዋጠ ቁጥር ካለ ይጻፍ፤ ከዚያ ይቀያየሩ። ጥሪው ከአንድ ደቂቃ በታች አይሁን፤ ምክንያቱም ልክ በ32 ሰከንድ ላይ የሚቆረጥ ጥሪ አለ። ይህ የሚሆነው ጥሪው ተነስቶ ሳለ የማረጋገጫው መልእክት «ተነስቷል» የሚለውን መልስ የላከው ወገን ጋ ሳይደርስ ሲቀር ነው፤ ሲፕ 32 ሰከንድ ጠብቆ ይዘጋዋል።

ለአንድ አቅጣጫ ዝምታና ለዚህ የ32 ሰከንድ መቆረጥ በውስጥ ኔትወርክ ላይ ዋናው ምክንያት አንድ ነው። በፍሪፒቢኤክስ የሲፕ ቅንብር ውስጥ «ሎካል ኔትወርክስ» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ 192.168.20.0 ካልተጻፈ ሰርቨሩ ስልኮቹን የውጭ ሰዎች አድርጎ ያያቸውና የኢንተርኔት አድራሻውን ይሰጣቸዋል። ስልኩም ድምፁን ወደ ራውተሩ ይልካል፣ እዚያው ይቀራል። ቪላን አዲስ የከፈተ ሰው ይህን መጨመር ይረሳል። ይህ ልክ ከሆነ ፋየርዎሉ ላይ ከ10000 እስከ 20000 ያሉት የዩዲፒ ፖርቶች ክፍት መሆናቸውን ይዩ፤ ድምፁ የሚያልፈው በእነዚህ ነው።

ኮዴክ (ድምፅ ወደ ዳታ የሚለወጥበት ዘዴ) ላይ ጂ.722ን አንደኛ፣ ጂ.711 ኤ-ሎውን ሁለተኛ ያድርጉ። ጂ.711 ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ ያሳልፋል፤ ጂ.722 እስከ 7000 ይደርሳል፣ የሚወስደው የኔትወርክ መጠን ግን እኩል ነው። በአማርኛ ልዩነቱ በደንብ ይሰማል፦ «ሰ» እና «ፈ»፣ «ጠ» እና «ጸ» በጠባቡ ድምፅ ይቀራረባሉ። 488 የሚል መልስ ከመጣ ሁለቱ ወገኖች የጋራ ኮዴክ የላቸውም።

የጉባኤ ክፍል

ሦስትና አምስት ሰው በስልኩ ራሱ ማገናኘት ይቻላል፤ ግን ጠሪው ስልኩን ሲዘጋ ብዙውን ጊዜ ሁሉም ይበተናሉ። በሰርቨሩ ላይ ያለው ክፍል ይሻላል። ከ«አፕሊኬሽንስ» ውስጥ «ኮንፈረንስስ»ን ይክፈቱ፣ ቁጥሩን 800 ያድርጉ፣ የተጠቃሚና የመሪ የሚስጥር ቁጥር ለየብቻ ይስጡ። «ቶከር ኦፕቲማይዜሽን» ይከፈት፤ የማይናገር ሰው ድምፅ ከቅልቅሉ ስለሚወጣ የክፍሉ ሹክሹክታ ይቀንሳል።

የሚስጥር ቁጥሩን ጽፈው «ልክ አይደለም» ከተባለ ቁጥሩን አይለውጡ። የቁልፍ ድምፁ አላለፈም ማለት ነው፤ በስልኩና በሰርቨሩ ዲቲኤምኤፍ (የቁልፍ ድምፅ መላኪያው) ሁለቱም አርኤፍሲ 4733 (ድሮ 2833 የሚባለው) ላይ መሆን አለበት።

ሰዎቹን አንድ በአንድ ያስገቡ፦ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት። አዲስ ሰው ሲገባ ሁከት ከተፈጠረ ያመጣው እሱ ነውና ድምፁን ዘግተው ያረጋግጡ። የኔትወርክ መጠን አያሳስብ፤ አንድ የጂ.711 ጥሪ በኢተርኔት ላይ በአንድ አቅጣጫ 87 ኪሎ ቢት በሰከንድ ገደማ ነው፣ ስምንት ሰው 700 ገደማ። የሚጎዳው ድንገተኛ መጨናነቅ ነው። ጥሪው እየሄደ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ብዙ ጊጋባይት ፋይል ይቅዱና ያዳምጡ። ድምፁ ከተሰበረ በስዊቹ ላይ ዲኤስሲፒ (የቅድሚያ ምልክት) 46 ለድምፅ፣ 24 ለሲፕ ቅድሚያ እንዲያገኙ ያድርጉ። በቁጥር ማየት ለሚፈልግ የሰርቨሩን ፖርት ወደ ላፕቶፕ አንጸባርቆ በዋየርሻርክ (የኔትወርክ ትራፊክ ማያ ፕሮግራም) የአርቲፒ (ድምፁን የሚሸከሙ ፓኬቶች) ዝርዝሩን መክፈት ነው፦ በውስጥ ኔትወርክ ብክነቱ ዜሮ፣ መወላወሉ (ፓኬቶቹ በሚደርሱበት ጊዜ ላይ ያለው መለዋወጥ) ጥቂት ሚሊሰከንድ ይሁን። መወላወሉ 30 ሚሊሰከንድ ወይም ብክነቱ 1 በመቶ ከደረሰ ጆሮ ይሰማዋል።

ክፍሉ

ገመዱና ሰርቨሩ ፍጹም ሆነው ስብሰባው የሚበላሸው እዚህ ነው። አንድ ነገር በደንብ ይያዝ፦ የራስዎ ድምፅ ተመልሶ ከተሰማዎ ጥፋቱ ያለው በሌላው ወገን ክፍል ነው። የእርስዎ ድምፅ ከዚያኛው ስፒከር ወጥቶ በዚያኛው ማይክ ገብቶ ይመለሳል። ስለዚህ ቅሬታ ያቀረበው ሰው ስልክ አይነካም፤ ሌሎቹን በተራ ዘግቶ ማን ሲዘጋ እንደሚጠፋ ማየት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ስልክ በድምፅ ማጉያ ወደ አንድ ጉባኤ ከገባ ደግሞ ፉጨት ይነሳል፣ መድኃኒቱ አንዱን መዝጋት ብቻ ነው።

ስልኩ የጠረጴዛው መሃል ላይ፣ ከፕሮጀክተርና ከላፕቶፕ ማራገቢያ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ሞባይል ከአጠገቡ አይኑር፤ የጂኤስኤም ሞገድ በ217 ኸርዝ የሚንጫረር ድምፅ ያስገባል። የሲፒ920 አምራች ማይኩ እስከ 6 ሜትር ይሰማል ይላል፤ መስታወት ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ባለበት ክፍል ግን ግማሹን ብቻ ይቁጠሩ። መጋረጃና ምንጣፍ ከማንኛውም ቅንብር የበለጠ ይረዳሉ። በረጅም ጠረጴዛ ላይ ለሞዴሉ የተሠሩ ተጨማሪ ማይኮች ይጨመሩ።

ፈተናው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው በየወንበሩ እየተቀመጠ ያንኑ አረፍተ ነገር በተለመደ ድምፅ ያንብብ፣ በሌላ ክፍል ያለው አድማጭ ለእያንዳንዱ ወንበር ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጥ። ከ3 በታች ያገኘው ወንበር ማይክ ያስፈልገዋል። ከዚያ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ይናገሩ፤ የአንዱ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ከተዋጠ የስፒከሩን ድምፅ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርገው ይድገሙት።

የውጭ መስመር

የመደበኛ ስልክ መስመር እንደ ግራንድስትሪም ኤችቲ813 ባለ የኤፍኤክስኦ ጌትዌይ (መደበኛ መስመርን ከአይፒ ማዞሪያ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ሲገናኝ የሚያስቸግረው መዝጋት ነው። የውጭው ሰው ስልኩን ዘግቶ ጌትዌዩ ካላወቀ «ቱ ቱ ቱ» የሚለው የመስመር ድምፅ በጉባኤው ውስጥ ይቀራል፤ ሰባት ሰው መነጋገር አይችልም። የመስመሩን የመዝጊያ ድምፅ ቀድተው ድግግሞሹንና የቆይታ ርዝመቱን ጌትዌዩ ላይ ያስገቡ፣ ከዚያ ከሞባይል ገብተው ዘግተው ይሞክሩ። የውጭ መስመሩ በሲፕ ትረንክ (በኔትወርክ በኩል የሚመጣ የስልክ መስመር) ከሆነ በራውተሩ ላይ «ሲፕ ኤኤልጂ» የሚለው፣ የሲፕ መልእክቶችን የሚለዋውጠው ቅንብር፣ ይጥፋ። ከሌላ ቢሮ የሚገቡ ተሳታፊዎች «ሆልድ» ሲጫኑ የእነሱ ማዞሪያ ሙዚቃ ለሁሉም ሊሰማ ስለሚችል «ሚዩት» እንዲጠቀሙ አስቀድሞ ይነገራቸው።

የመጨረሻው ፈተና

ሁሉም ሰው ገብቶ ጉባኤው አንድ ሰዓት ሙሉ ክፍት ይቆይ። በ15 ወይም በ30 ደቂቃ ላይ የሚቆረጥ መስመር ካለ የሲፕ ሴሽን ታይመር (ጥሪው አሁንም መኖሩን በየጊዜው የሚያረጋግጠው) አልታደሰም ማለት ነው፤ በትረንኩ ወይም በስልኩ ላይ ይጥፋ ወይም ይስተካከል። በመሃል የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳ ይንቀሉና ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ ይመዝግቡ። ከዚያ የስብሰባ ስልኩን ገመድ ነቅለው ከ10 ሰከንድ በኋላ ይመልሱ፤ ተነስቶ፣ ተመዝግቦ፣ ወደ 800 እስኪገባ የፈጀውን ጊዜ ይያዙ። የእያንዳንዱ ስልክ የስዊች ፖርት፣ ማክ፣ አይፒና ኤክስቴንሽን በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ በስዊቹ ሳጥን በር ውስጥ ይለጠፍ፤ የይለፍ ቃሎቹ ግን እዚያ አይጻፉ።